ቢምቢዋና የመስቀል ልቅለቃ

እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ። የኛ አገር ብርድ እንኳን ቢምቢን ሰውንም ያባርራል። ስለዚህ ተድሬ ሰበታ ስገባ፣ ሲመሽ ጆሮዬ ሥር እየመጣች የምታለቃቅሰው ነገር ምን እንደሆነች አላወቅኩም ነበር። አማቴ ሳቁብኝ። "ቦኬ ናት፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ቢምቢ ናት ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ስላሉኝ ደስ አለኝ። ቢምቢዋን ግን እስከ ዛሬ አልታረቅኳትም።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በጅማ መንገድ ቡና ያመላልሳል። መኪናው በተበላሸበት ቁጥር ጊቤ በረሃ ያድርና የወባ ንዳድ ይዞ ይመጣል። ባገባኝ ዓመት ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ለጥቂት ተረፈ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ጣፊያው አብጧል፣ ደሙም አልቋል። እንደገና ከያዘው አይችለውም" አለኝ። ከዚያ ወዲያ መኪናውን ትቶ የእናቱን ጠጅ ቤት ሊያግዝ ቤት ዋለ። እኔም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ቢምቢ እንዳትነክሰው ብቻ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የወባ ሰዎች መጡ። ካኪ ለብሰው፣ ፓምፕ በጀርባቸው አዝለው። ዕቃችንን ሁሉ ደጅ አስወጥተው ግድግዳውን ዲዲቲ የሚባለውን ነጭ መድኃኒት ረጩት። አለቃቸው ደህና ሰው ነበር። ወደ ጓሮ ወሰደኝና ጋን የምናጥብበትን በርሜል አሳየኝ። ውኃው ውስጥ ትንንሽ ትሎች ይገለባበጣሉ።

"እነዚህ ነገ ቢምቢ ናቸው" አለኝ።

"የወባዋ?"

"አይ፣ ይቺ ታሳክካለች እንጂ ወባ የላትም። የወባዋ ረግረግ ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ኩሬ ላይ ነው የምትፈለፈለው።"

"ታዲያ በርሜሉን ለምን እደፋለሁ?"

"ድፊው ብቻ" አለ።

ግራ ገባኝ። በምን እለያቸዋለሁ ብዬ ብጠይቀው፣ የወባዋ ስታርፍ ቂጧን ወደ ላይ ትሰቅላለች፣ ሌላዋ ግን ጠፍጠፍ ብላ ነው የምትቀመጠው አለኝ። ሊሄድ ሲል ደግሞ ጣቱን ቀስሮ "ግድግዳውን እንዳትነኩ! ነክሳ ስትጠግብ የምታርፈው እዚያ ላይ ነው። ስታርፍ ትሞታለች" አለ።

ነክሳ ስትጠግብ? ኤዲያ! ከነከሰችው በኋላ ብትሞት ለባሌ ምን ይጠቅመዋል? በሽታውን ለሌላ ሰው እንዳታደርስ ነው አለኝ። እንዲያው ድከሚ ቢለኝ ነው፤ ነገሩ ውሉ ጠፋብኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ኩራዝ ይዤ የቢምቢ ቂጥ ማየት ሆነ። ጠጅ ጠጪዎቹ ሳቁን ለቀቁት። "አዴ፣ ምራትዎ ዛሬም ቆጠራ ላይ ናት?" ይሏቸዋል አማቴን። ባሌም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ልቤ ደህና ሲሆን ሁሉም ጠፍጠፍ ብለው ይታዩኛል፤ ስፈራ ደግሞ ሁሉም ሰቅለው ይታዩኛል። ዲዲቲው ትኋኑን ጨረሰው፣ ድመታችንም ሞተች፤ ቢምቢ ግን አሁንም አለ። የትኛዋ እንደቀረች ማን ይንገረኝ?

መስቀል ደረሰ። ለመስቀል ቤቱን ያልለቀለቀ ሰው ሰበታ ላይ ሰው አይባልም። አማቴ እበቱን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"እማማ፣ ሰውየው ግድግዳውን አትንኩ ብሏል እኮ።"

"ያ ዋቅ፣ ኧረ አምላኬ! ግድግዳዬ እንደዚህ ዝንጉርጉር ብሎ እንግዳ ልቀበል?" አሉ። "ደግሞ ማን ነካው? እኔ ላዩን ነው የምለቀልቀው። መድኃኒቱ ከሥር አለ አይደል? እንዲያውም ጭስ አያገኘውም።"

አሰብኩት። እውነት መሰለኝ። ውሸትም መሰለኝ። አማቴ ለቀለቁት፤ ቤቱም አማረ። ባሌ ከእንግዶቹ ጋር በልቶ ጠጥቶ፣ ደመራው ዙሪያ ሲጨፍር ዋለ።

የአደይ አበባው ሳይረግፍ ባሌ ብርድ ብርድ አለኝ አለ። ጋቢ ደረብኩለት፣ ሌላም ደረብኩለት፣ አልጋው አብሮት ይንቀጠቀጣል። ኪኒኑን ዋጠ፣ አስመለሰው። ሐኪም ቤት ወስደነው እዚያው ቀረ። ባሌ፣ የኔ ሳቂታ፣ እዚያው ቀረ።

ሐኪሙን ከየት መጣበት አልኩት። የጊቤው ንዳድ ደሙ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ይነሳል፣ እሱ ሊሆን ይችላል አለ። ጎረቤት ደግሞ ከወንዙ ዳር ረግረግ ነው የመጣው አለ። እኔ ማንን ልመን?

በሚቀጥለው ክረምት እነዚያው ሰዎች መጡ። አለቃው ገብቶ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰና ፊቱ ተለዋወጠ። "ማነው የለቀለቀው? መድኃኒቱን እኮ ቀበራችሁት! ቢምቢዋ እበቱ ላይ አርፋ ምን ልትሆን?"

አማቴ ጥግ ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አንገታቸው ቀና ሲል አየሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቀውም። አፌ ቀደመኝ።

"ውሸቷን ነው" አሉ አማቴ። ተነሥተው ፊቱ ቆሙ። "የለቀለቅኩት እኔ ነኝ። እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ልጅ፤ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ?"

ሰውየው ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየኝ። ያ ሁሉን የሚያውቅ ሰው እንደኔ ግራ ገባው።

"የጊቤው ይሆናል፣ እማማ" አለ።

"ይሆናል?"

አማቴ ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉና ልቅለቃውን በጥፍራቸው መፋቅ ጀመሩ። የወባ ሰዎቹ ሊያነሷቸው ቢሞክሩ እምቢ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ ፋቅኩ።