ከወንዙ ዳር ያጨድኩት ቄጤማ

አስተማሪዋ ጄን ወደ ወንዙ ከሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ቆማ ነበር፤ ቦት ጫማዋ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ነው። ጋሽ ተፈራ ከአጥር መረብ ጥቅል አጠገብ ነበሩ፣ መዶሻ ይዘው። ከለንደኑ ሰፈራችን ከዋይት ሲቲ አብረን የመጣነው ሴቶች ደረቅ ቦታ ፈልገው ግንቡን ተጠግተዋል። እኔ በእነሱና በጄን መካከል ነበርኩ። ከሴቶቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አሁን የምጽፈውን ከእነዚህ ሰዎች ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ እንኳ ይህችን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። የቴምዝ ወንዝ ለንደን ውስጥ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ባሕሩ ነው እየገፋ የሚመጣው። ውሃው ሲጎድል እኛ በፈቃደኝነት ዳሩን እናጸዳ ነበር፦ ፌስታል፣ ጠርሙስ፣ አንዴም የሕፃን ጋሪ። "እዚህ የወደቀ ፌስታል ነገ ባሕር ውስጥ ነው" ትለናለች ጄን።

የዚያን ቀን ግን የመጣነው ልንተክል ነው። ጄን የካርቶኑን ክዳን ስታነሳ ለምለም ቄጤማ ብቅ አለ። እንግሊዞቹ የሚጠሩበት ስም ነበረው፣ አልያዝኩትም። ከሴቶቹ አንዷ፣ አልማዝ፣ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ድልድዩ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩን።

"ምን ሆኑ? እባብ አዩ እንዴ?" አለችኝ ጄን ደንግጣ።

ከዚያ ረጋ ብላ አስተማረችን፣ እኔም ተረጎምኩ። ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፤ ትናንሽ ዓሦች ይጠለሉበታል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን አይነካም። ከተቆረጠ ጉቶውን ውሃ ይሸፍነውና ትንፋሽ አጥቶ ይበሰብሳል። ይህን በአማርኛ የተናገረው የእኔ አፍ ነው። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ቅጠሉን የሚነጭ ዝይ እንዳይገባ በመረብ አጠርነው። የበሩን ቁልፍ ጄን ለጋሽ ተፈራ ሰጠቻቸው። አገር ቤት የእርሻ ባለሙያ ነበሩ፤ እዚህ ግን ክሮይደን ወዳለው የስደተኞች ቢሮ እየተመላለሱ መልስ የሚጠብቁ፣ ሥራ ያልተፈቀደላቸው ሰው ናቸው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

"በሉ እንግዲህ ተነሡልኝ፤ የዝይ ሚኒስትር ሆኛለሁ!" አሉን።

በዚህ አገር አደራ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ አጥር አጠገብ ሲቆሙ ቁመታቸው ይጨምር ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ እኔና እሳቸው አብረን ሄደን እናየው ነበር። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ክሮይደን ቀጠሮ ስለነበራቸው በሩን ከፍተውልኝ ቀድመው ሄዱ። ጓጉንቸሩ ያለ ቁልፍ ይዘጋል። "ሲጨርሱ ግጥም ያድርጉልኝ" አሉኝ። ብቻዬን ቀረሁ። ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁ። መቀሱን ከቤት ይዤው ነው የመጣሁት፤ ድንገት ነው አልልም። አጨድኩ። ግማሹን ያህል አጨድኩ። ከዚያም፣ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፣ ዝይ የገባ እንዲመስል በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼው ሄድኩ።

ለምን? በቀዳም ስዑር ራስ ላይ የሚታሰር ቄጤማ ስላልነበረን። ባለፈው ዓመት ያሰርነው የሽንኩርት ቅጠል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ወጥ ወጥ ሸቷል። ይህ ምክንያት ይሆናል? አይሆንም። ጄንን ብጠይቃት ሌላ ቦታ ታሳየኝ ነበር። አልጠየቅኋትም።

ቄጤማውን ሁለት ቀን ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አኖርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ለካህኑ ሳስረክብ እጃቸው ላይ ይዘውት ሳቁ። ቃጭሉ ተመታ። እዚሁ የተወለዱት ልጆች ቄጤማቸውን አስረው በወንበሮቹ መካከል ዘለሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

"አንቺ፣ ከሰማይ ነው ያወረድሽው?" አለችኝ አልማዝ።

"ከአበባ ሱቅ" አልኳት። በፋሲካ ዋዜማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

ለጋሽ ተፈራ ያሰርኩላቸው በገዛ እጄ ነው። የተረፈውን ቅጠል በጣታቸው አሸት አድርገው አሸተቱትና ቀና ብለው አዩኝ። ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ደስታዬ የሐሰት አልነበረም፤ ዛሬም ሳስበው ፈገግ እላለሁ። ግን በየራሳችን ላይ ያሰርኩት የእሳቸውን አደራ ነበር።

ቄጤማው በሚቀጥለው ዓመት ዳግም ተተክሎ ያዘ። ጋሽ ተፈራም የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አግኝተው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። መጨረሻው ማማሩ ያደረግሁትን አያቀለውም። አንባቢዬን ይቅር በለኝ አልልም፤ ያጨድኩት ያንተን አይደለም። ለባለቤቱ መናገር የነበረብኝ ያኔ፣ ከፋሲካው በኋላ ባለው ማክሰኞ ነበር።

ማክሰኞ ጄን ሁላችንንም ወደ ወንዙ ጠራችን። ጉቶዎቹ ጠቁረዋል፤ በዙሪያቸው ያለው ጭቃ ታጥቦ ሄዷል።

"በሩ ክፍት ነበር። መጨረሻ የወጣው ማነው?" አለች።

ጥያቄዋን ቃል በቃል ተረጎምኩ። መልሱን ዋጥኩት። ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብለው አንዱን ጉቶ አዩት። በመቀስ የተቆረጠና በዝይ የተነጨ ለእርሻ ሰው አንድ አይደለም። ቀና አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ በእንግሊዝኛ። "ረሳሁት። እርጅና ነው።"

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ፣ "ምን ይደረግ፣ ዝይዎቹም ቀዳም ስዑርን ያከብራሉ። ራሳቸው ላይ ሊያስሩት ይሆናል" አሉ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከሳቁት መካከል የጠረጠረ ነበረ ይሆን? አላውቅም።

"ምን አሉ?" አለችኝ ጄን።

"ይቅርታ ጠየቁ" አልኳት።

ጄን ቅር እያላት ቁልፉን ለእኔ እንዲያስረክቡ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ተፈራ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ላይ አኖሩት።

"እንኳን አደረስዎ" አሉኝ።

ቁልፉን የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ደረጃውን ወጣሁና ሄድኩ።