የጥላው ጥግ ባለቤት

የኩሬ ጠባቂዋ ስትቆጣ እንቁራሪቶቹም ዝም ይላሉ እያሉ ያሟታል የኮሌጁ ዘበኞች። ውሸት ነው፤ እንቁራሪት የሰው ቁጣ አይገደውም። ቁጣዋ ግን እውነት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር የዋለችው። እሁድ ለጋብቻ የሚመጣውን የቆርቆሮ ነጋዴ አንዲት ልጇ «አላገባውም» ብላለች።

ለተማሪዎች መማሪያ የተቆፈረውን ያን ኩሬ ስትጠብቅ ነው ፀጉሯ የሸበተው። እያንዳንዱ ወንድ እንቁራሪት የራሱ ጥግ አለው። ድንበሩን የረገጠበትን ታግሎ ያባርራል፤ ሲመሽ ጉሮሮውን ነፍቶ ሴት ይጠራል። አቅም ያነሰው ደግሞ ከባለጥጉ አጠገብ ድምፁን አጥፍቶ ይጋደማል፤ ተጠርታ የምትመጣዋን ከመንገድ ሊቀማ። እሷ «ደጅ ጠኚ» ትለዋለች። ሴቷ አትጮህም። አንዱን ጥግ ታያለች፣ ሌላውን ታልፋለች፤ ውሃው ቀዝቀዝ ያለና ከአልቅት የጸዳ ሆኖ ስታገኘው ባለቤቱን ጠጋ ብላ ትነካዋለች፤ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ጠባቂዋ ልጇን ያሳደገችው በዚሁ ስብከት ነው፦ «ጩኸቱን አትስሚ፤ ውሃውን እዪ!»

ነጋዴው ባለ ሱቅ፣ ባለ ሰፊ ግቢ ነው። ልጅቷ የወደደችው ብስክሌት ጠጋኝ ግን የተከራያት ክፍል በሯ እንኳ በቅጡ አይገጥምም። ለእናትየው ይህ ከደጅ ጠኚም ደጅ ጠኚ ነው።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ከሥራዋ ስትመለስ በኩሬው በኩል መጣች።

«እማ፣ ሰውየውን አትምጣ በይው።»

«ቃሌን ሰጥቼ? ምን ቆርጦኝ! ነይ እዚህ፤ ከኔ አልሰማም ካልሽ ከእንቁራሪት ተማሪ።»

ክንዷን ይዛ ወደ ጥላው ጥግ ጎተተቻት። ከኩሬው ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ ባለቤቱም ከሁሉ ግዙፍ። አንዲት ሴት እንቁራሪት ወደዚያው እየዋኘች ነበር።

«አየሽ? ቤት ያለው ማለት ይሄ ነው!»

ሴቷ ደረሰች፤ ጥቂት ቆየች፤ ዞራ ሄደች።

ጠባቂዋ መረቧን አንስታ ሴቷን ጨለፈችና መልሳ ጥላው ውስጥ ጣለቻት። ሴቷ ዘላ ወጣች። እንደገና ጨለፈቻት። አሁን ግዙፉ ወንድ ላይዋ ላይ ወጣና በክንዶቹ ጭምቅ አድርጎ ያዛት።

«ይኸው!» አለች ጠባቂዋ እያለከለከች።

«እማ» አለች ልጅቷ፣ «አሁን የመረጠችው እሷ ናት ወይስ አንቺ?»

«አፍሽን ዝጊ!»

«አልዘጋም! አጎቴ ለአባቴ ሲሰጥሽ ግቢው ሰፊ ነው ብሎ አይደል? ታዲያ ከዚያ ሰፊ ግቢ እኔን አዝለሽ በባዶ እግርሽ ያመለጥሽው ለምንድን ነው? ጥርስሽን ያረገፈው ማን ነው?»

ጠባቂዋ ልትመታት እጇን አነሳች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ያን ወንድሟን ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግመው ኖራለች። አሁን ራሷ እሱን ሆና ተገኘች። መረቡን ወርውራ ስልኳን አወጣች።

«እሁድ እንዳትመጣ» አለችው ነጋዴውን።

«ምን አጠፋሁ እማማ? እርስዎ እሺ ብለውኝ አልነበር?»

«ብያለሁ! ታዲያ የምታገባው እኔን ነው?» ጮኸች። «ለመሆኑ ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

«እርስዎን ነው እንጂ እሷንማ አልጠየቅኩም» አለ ሰውየው።

«እኔም አልጠየቅኳትም» አለች፤ ስልኩንም ሳትዘጋ፣ ልጇ ፊት ቆማ በንዴት አለቀሰች።