ሳይመዘገቡ የጨረሱት መምህር

ሥራ የገባሁ ቀን አለቃዬ ጋሽ ሽኩር የሰጡኝ መሣሪያ ስቴፕለር ነው። ኮምፒውተሩንና ኮፒ ማሽኑን በሩቁ አሳዩኝና «እነዚህን ለጊዜው በዓይንሽ ብቻ» አሉኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤቱ ወልቂጤ፣ መምህርና ተማሪ ከማይጠፋበት መንገድ ዳር ያለ የጽሕፈት፣ የኮፒና የጥረዛ ቤት ነው። አሁን ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሁለት ዓመት ደግሞ የሥራ ዘመን ተብሎ ይጻፋል? የምትሉ ካላችሁ፣ ይጻፋል! ይኸው እያነበባችሁት አይደል?

በቤታችን ማዕረግ አለ። መጀመሪያ ስቴፕለር ያዥ፣ ቀጥሎ ኮፒ አንሺ፣ ከዚያ ጸሐፊ፣ ከሁሉም በላይ ጠራዥ። ምላጩን፣ ኮላውንና ወርቃማ ፊደል የሚያትመውን ማሽን የሚነካው ጠራዥ ብቻ ነው። ጠራዥ ደግሞ ጋሽ ሽኩር ብቻ ናቸው። እኔ ከትምህርት መልስ እየመጣሁ በስምንተኛው ወር ጸሐፊ ሆንኩ። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተለጠፈ ሕግ አለን፦ «ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ጸሐፊ እንደሆንኩ መምህር ተካ መጡ። እዚሁ ታሪክ የሚያስተምሩ፣ ሕንድ አገር በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የተመዘገቡ ሰው ናቸው። እዚያ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ሰነድ ከሰበሰቡ በኋላ፣ ጽሑፉን እያስተማሩ ሊጨርሱ ተመልሰው ነው። አንድ ካርቶን ሙሉ የእጅ ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«መምህር፣ ኮምፒውተር የለዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«አለኝ። ሐሳቤ ግን በእስክሪብቶ ካልሆነ አይመጣም።»

«ሐሳባቸው በእስክሪብቶ ይመጣል፣ ያንቺ ምሳ በእሱ ይገኛል። ምን አስጨነቀሽ?» አሉ ጋሽ ሽኩር።

ጥናቱ የዚያው የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነበር። እንግሊዝኛ ነው፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነበር የምጽፈው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን እጄ ቆመ። ዩኒቨርሲቲው ሲጀመር አንድም መማሪያ ክፍል አልነበረውም! አንድ ቢሮና አንድ ማኅተም ብቻ። ልጆቹ በየከተማው ኮሌጅ ይማራሉ፤ እሱ ይፈትንና ወረቀት ይሰጣል። መምህር የመጣው፣ መሬት የተገኘው፣ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም በተዋሱት አዳራሽ ውስጥ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ማለት መጀመሪያ ትልቅ አጥር ይመስለኝ ነበር!

በየቀኑ የምጽፈውን እየጠየቅኩ አስቸገርኳቸው። እሳቸውም ወንበር ስበው ይነግሩኛል፦ ነጥብ በግድግዳ ሲለጠፍ ስለሚሆነው ግፊያ፣ የማደሪያ ክፍያ ጨመረ ብለው ተማሪዎቹ ደረጃው ላይ ስለተቀመጡበት ሳምንት፣ ከክፍል ይልቅ ሻይ ቤቱ ውስጥ ስለሚጦፈው ክርክር።

«እዚያ አማካሪሽ ክፍል ሲገባ ትነሺያለሽ። ሻይ ቤት ግን ፊት ለፊት ‹ተሳስተዋል› ትዪዋለሽ» አሉኝ አንድ ቀን።

«አይቆጣም?»

«ይቆጣል። ሻይውን ግን እሱ ይከፍላል።»

እንዲህ እንዲህ እያልን አለቀ። አምስት ቅጂ፣ ጠንካራ ሽፋን፣ ዩኒቨርሲቲው ያዘዘው የወይን ጠጅ ቀለም። የአማካሪያቸው ፊርማ ያለበት ወረቀት ከሕንድ በአምስት ቅጂ በፖስታ መጥቶ ከአርእስቱ ገጽ ቀጥሎ ገባ። አርእስቱ ገጽ ላይ የቀኑ ቦታ ባዶ ነበር። የቤቱን ሕግ ታውቃላችሁ፤ ማንንም ሳልጠይቅ ቀኑን ሞላሁት። ጋሽ ሽኩርም ከእኔ ገጽ አይተው ዓመቱን ሽፋኑ ላይ በወርቅ አተሙት።

ረቡዕ ጠዋት መምህር ሊወስዱ መጡ። ሽፋኑን እንደ ሕፃን ጉንጭ ዳበሱት። ከዚያ ዓይናቸው ዓመቱ ላይ ቆመ።

«ምሕረት፣ ይኼ ዓመት…»

«ምን ሆነ መምህር?»

«የእኛ አቆጣጠር ነው።»

«አዎ፣ የእኛ ነው» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«እነሱ እኮ በእኛ አይቆጥሩም። በእነሱ ይኼ ከሰባት ዓመት በፊት ነው። እኔ የተመዘገብኩት ከአራት ዓመት በፊት!»

ጋሽ ሽኩር መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ሳይመዘገቡ ጨርሰዋላ! ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ የት ይገኛል?»

መምህር የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጡ። የመጨረሻው ማራዘሚያ ሊያልቅ ነው። አንድ ባልደረባቸው ሐሙስ ማታ ወደ ሕንድ ይበራል፤ ከወልቂጤ የሚነሣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ጥራዞቹ በእሱ እጅ ካልሄዱ ምዝገባቸው ይሰረዛል፤ አራት ዓመት እንደገና ሀ ብለው። ጥራዞቹን ጥለን እንደ አዲስ እንዳንሠራ ደግሞ ያ የአማካሪው ፊርማ ውስጣቸው አለ።

እንባዬ መጣ። ጋሽ ሽኩር አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ኮላ አይሆንም። ሽፋኑን እንደ አዲስ እንሠራለን፤ የዚህ ቀለም ሌዘር ግን አልቆብኛል። ቡታጅራ ገበያ የሶፋ ሌዘር የምትሸጥ ዘሃራ የምትባል አለች። ተነሽ!»

ሚኒባስ ያዝኩ። አታትን አልፈን አገና ስንደርስ ሾፌሩ ሰው እስኪሞላ ቆመ። እኔ በየደቂቃው ሰዓቴን ሳይ፣ አጠገቤ የነበሩ እናት «ልትዳሪ ነው እንዴ የምትቸኩዪው?» አሉኝ።

እትዬ ዘሃራ ጋ ስደርስ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ፤ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ ምላሴ ትንሽ ተንገዳገደ።

«ወአለይኩም ሰላም! ለሶፋ ነው?»

«አይ፣ ለዶክተር ነው።»

«ዶክተሩን ሌዘር ልታለብሱት?» ብለው ሱቁን በሳቅ ሞሉት። ግን ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እያወረዱ ቀለሙን ይዤው ከመጣሁት ቁራጭ ጋር በር ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን አስተያዩልኝ። አራተኛው ልክ ሆነ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወልቂጤ ተመለስኩ። ጋሽ ሽኩር የመጀመሪያውን ጥራዝ ከፍተው ምላጩን አነሡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ ምላጭ ሲያስቀምጡ ግን አይቼ አላውቅም። አስቀመጡት፤ ወደ እኔም ገፉት።

«እኔ? ጸሐፊ ነኝ እኮ!»

«ከአሁን ጀምሮ አይደለሽም።»

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ለምትጀምሩት ልንገራችሁ። የተሳሳተውን ገጽ ከሥሩ አትነቅሉትም፤ ከነቀላችሁት ጓደኛው ገጽ አብሮ ይላቀቃል። በስፌቱ በኩል ቀጭን ጠርዝ ትታችሁ በማስመሪያ ትቆርጣላችሁ፣ አዲሱን ገጽ በዚያ ጠርዝ ላይ ትለጥፋላችሁ። ከሥሩ ላለው ወረቀት መከላከያ ወፍራም ካርቶን ታስገባላችሁ። ከሥሩ የነበረው ያ ፊርማ ነው። አንዲት መስመር ብስት ሕንድ ድረስ ሌላ ፊርማ ፍለጋ ነው። አምስት ጊዜ ቆረጥኩ። መምህር አምስቱንም ጊዜ ወደ መንገዱ ዞረው ቆሙ።

አንድም አልሳትኩም! አንድም!

ሽፋኑን ከማተማችን በፊት ዓመቱን ሦስታችንም ቁጥር በቁጥር ጮክ ብለን አነበብን። ጥራዞቹ ኮላቸው እንዲይዝ ከባድ ነገር ተጭኖባቸው አደሩ። ሐሙስ እኩለ ቀን ባልደረባቸው ሻንጣው ውስጥ ከተታቸው፤ በቀናቸውም ደረሱ።

ከሦስት ወር በኋላ መምህር ጥናታቸውን የሚከላከሉበት ቀን መጣ። በቪዲዮ ስለሆነና የእኛ ቤት ኢንተርኔት ስለማይቆራረጥ እኛው ጋ ሆነ። ጋሽ ሽኩር ኮፒ ማሽኑን አጠፉ። ኮት የለበሱ ፈታኞች ሁለት ሰዓት ያህል ጠየቁ፤ መምህር መለሱ። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው «በአዳራሹም ሆነ በቪዲዮው ያላችሁ፣ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ደንባችን ነው» አለ።

ማንም ሰው። እኔ ደግሞ ሰው ነኝ። እጄን አወጣሁ። ጋሽ ሽኩር ቀሚሴን ጎተቱኝ፤ አልተቀመጥኩም። በተንገዳገደ እንግሊዝኛ፣ «አራተኛው ምዕራፍ የሴቶቹ ማደሪያ ከወንዶቹ ብዙ ዘግይቶ ተሠራ ይላል። እስከዚያ ድረስ ሴቶቹ የት ነበር የሚያድሩት?» አልኩ።

መምህር ወደ እኔ ዞሩ። «አልጠየቅኩም» አሉ ቀስ ብለው።

ሽበታም ሴት ፈታኝ ወደ ካሜራው ተጠጉ። «እኔ አንዷ ነኝ» አሉ። «አክስቴ ቤት አድር ነበር፤ በየማለዳው በባቡር እመጣለሁ። አንዳንዶቹ ማደሪያ ስላጡ ትምህርቱን ትተው ቀሩ። ይኼ ካልተጻፈ ታሪኩ ሙሉ አይደለም።»

ውሳኔው ተነበበ፦ ዶክትሬቱ ይሰጣል፤ ስለ ሴቶቹ ሁለት ገጽ ተጨምሮ አምስቱ ቅጂ እንደገና ተጠርዞ ይላክ። መምህር፣ አሁን ዶክተር፣ አቀፉኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ሽኩር ምላጩን እያቀበሉኝ፣ «አፍሽ ሥራ አመጣብን።»

ዕለቱን ሌዘር ለመግዛት ወደ ቡታጅራ ሄድኩ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይኼን ነው፦ ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ ሳትጠይቁ አትጠርዙ። ያልገባችሁ ነገር ካለም ጠራዥ ነኝ ብላችሁ ዝም አትበሉ።