ለዳማ የተለቀሰበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ድንገት ወርዶ ሁላችንንም ደረጃው ሥር በሰበሰበን ጊዜ፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ልጅ ታቅፋው የነበረው ነጭ ውሻ ከክንዷ አምልጦ መሬት ወረደና ከአፍንጫው እስከ ጭራው ተንዘፍዝፎ ውኃውን ሁሉ ቀሚሴ ላይ አራገፈው። ልጅቷ ደንግጣ «ውይ ሶሪ እትዬ፣ ሶሪ! ትናንት ነው በሻምፑ የታጠበው፣ ንጹሕ ነው» እያለች በሶፍት ልትጠርገኝ ጎንበስ ቀና አለች፤ እኔ ግን ቀሚሴን ረስቼው ነበር። ሻምፑ ያላሸነፈው ያ የረጠበ የውሻ ጠረን፣ ዝናብ የመታው አሮጌ ካፖርት ጠረን የሚመስለው፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ የካ ተራራ ሥር ወደነበረው ቤታችን፣ ወደ አንድ የነሐሴ ጠዋት ይዞኝ ሄደ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ጊዜ ነበር። ቤታችን ከኋላው ባሕር ዛፍ፣ ከጎኑ ገደል፣ ከፊቱ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማ የሚውጥ የጭቃ መንገድ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከእንጦጦ ተንሸራትቶ ሲወርድ መጀመሪያ ገደሉ ይጠፋል፣ ቀጥሎ አጥሩ፣ ቀጥሎ የጽድ ዛፋችን፣ በመጨረሻም ደጃፋችን ላይ ቆመን የራሳችንን እጅ ብቻ እናያለን። ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ቀድሞ ብቅ የሚለው ሁልጊዜ ዳማ ነበር፤ አንደኛው ጆሮው የቆመ፣ ሌላኛው የታጠፈ፣ ሲሮጥ የኋላ እግሮቹ የፊቶቹን ሊቀድሙ የሚፈልጉ የሚመስል ቀይ ውሻ። ስሙን ያወጡለት የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ እታገኝ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበርና ገና ቡችላ ሆኖ ሲመጣ አይተው፣ በልጅነታቸው አባታቸው ይቀመጡበት የነበረውን ዳማ ፈረስ አስታወሳቸው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቦቢና ጃክ በሚባልበት ዘመን የእኛው በፈረስ ስም መጠራቱ ያኮራኝ ነበር።

ዛሬ ውሻ ሲታቀፍ፣ ሹራብ ሲለብስ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ አያለሁ፤ አልስቅበትም። በእኛ ጊዜ ግን ውሻ መውደድ የሚደበቅ ነገር ነበር። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ ስትወጣ ዳማ ጫፏን እንዳይነካት ነጠላዋን ሰብስባ እሳት እንደሚዘል ሰው ትዘላለች፤ ከነካት ተመልሳ ትቀይራለች። አባቴ «ውሻ ዘበኛ ነው፣ ዘበኛ ሳሎን አይገባም» ብሎ የደነገገ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ከሥራ ሲመለስ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልሎ ከሥጋ ቤት የሚያመጣው አጥንት ለማን እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም አይናገርም። በየወሩ ለኪዳነ ምሕረት በባሕር ዛፉ መሐል እንጦጦን ስንወጣ ዳማ ራቅ ብሎ ይከተለናል፤ ውሻ ቅጥር ግቢው ውስጥ ከገባ ምን ዓይነት ጉድ እንደሚሆን ስለምናውቅ ልቤ እንደተንጠለጠለ እደርሳለሁ። አንድም ቀን ደፍሮ ገብቶ አያውቅም። ከውጪው በር አጠገብ ከነዳያኑ ጎን ይተኛል፣ ቅዳሴው አልቆ ስንወጣም ከነሱ ቁራሽ ዳቦ ተካፍሎ አፉን እየላሰ እናገኘዋለን። እናቴ ያን ጊዜ ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ፣ «ሥርዓት ያውቃል» ትላለች።

ጠላት አልነበረውም አልልም። ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩት እማማ ወርቅነሽ፣ በሰፈሩ ለቅሶ ቤት ሁሉ ሙሾ የሚያወጡት፣ ዳማ አንዲት ገብስማ ዶሯቸውን ስለበላባቸው ከአክስቴ ጋር ተኳርፈው ነበር። ዶሮዋን መብላቱን ያየ ሰው የለም፤ አክስቴ «ሸለምጥማጥ ነው» ብለው ቢከራከሩም የዳማ አፍንጫ ላይ የተለጠፈችው ላባ ግን ነገሩን አበላሸችባቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአጥር ቀዳዳ እንኳ ሰላም አይባባሉም። እማማ ወርቅነሽ ዳማን ባዩ ቁጥር «ቆይ አንተን!» ይሉታል፣ እሱም የተመረቀ ይመስል ጭራውን ይቆላላቸዋል።

አክስቴ እታገኝ ያን ክረምት ከአልጋ መነሣት አቅቷቸዋል። እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ጥጥ የሚፈትሉበት እንዝርት ሥራ ፈትቶ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሰፈሩ ሁሉ «ዛሬ ነገ» ይላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ያውቁታል። ዳማ ከመስኮታቸው ሥር ይተኛል፣ እርሳቸው ከውስጥ ሆነው ያወሩታል፤ ስለ እርሻ፣ ስለ ሞቱ ሰዎች፣ ስለ እናቴ ወጥ ጨው ማነስ ጭምር። እኔ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ድምፃቸው ሲቀጥል፣ ከውጪ ደግሞ ያ ረጅም የውሻ ትንፋሽ ሲመልስላቸው እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ በኋላ አልተኛሁም።

ክረምቱ ሲበረታ ጅቦቹ ከእንጦጦ ወደ ሰፈር መውረድ ያበዛሉ። ዳማ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ይጮኽባቸዋል፤ የእሱ ጩኸት እስካለ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ተገላብጦ ይተኛል። አርጅቶ ነበር፣ እኛ ግን ማርጀቱን ልብ አላልንም። አንድ ጊዜ አንገቱ ላይ ተነክሶ መጣ። አክስቴ ከአልጋቸው ሆነው በሞቀ ውኃና በጨው እንዳጥብለት አዘዙኝ፣ አጠብኩለት፤ ቁስሉ ግን እያበጠ፣ እሱም እህል እየጠላ ሄደ። ከዕለታት አንድ ጠዋት ጉሙ እስኪገለጥ ብጠብቅ ዳማ ብቅ ሳይል ቀረ። መስኮቱ ሥር ሄጄ አገኘሁት፤ ጆሮው ላይ ጤዛ ነበር፣ ሰውነቱ ደርቆ ነበር።

ጮኽኩ። እንዴት እንደጮኽኩ አሁንም ጉሮሮዬ ያስታውሰዋል። እናቴ ልትቆጣኝ ወጥታ ሳለ እሱን አየችውና፣ ያቺ ነጠላዋን የምትሰበስበው ሴት ጭቃው ላይ ተንበርክካ ከእኔ ብሳ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ፣ አየ፣ ፊቱን አዞረ። «በቃ፣ ሰው ይሰማል፤ ለውሻ አይለቀስም» አለ፤ ቀጥሎም «ሰው እጠራለሁ፣ ገደል ይጥለዋል» አለ። የሞተ ውሻ በሰፈራችን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ገደል ይወርድ ነበር፣ ሲመሽ ደግሞ ጅቦቹ ያነሱታል። አዲስ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ከደጃችን ሲያባርራቸው የኖረውን እኛው በገዛ እጃችን ልናበላቸው ነው የሚለው ሐሳብ ሲገባኝ ጩኸቴ ከቅድሙ ባሰ፤ ዳማን አንገቱን አቅፌ አልለቅም አልኩ።

እንግዲህ በሽተኛ ከተኛበት ቤት በማለዳ የሁለት ሴት ዋይታ ሲሰማ ሰፈርተኛው ምን ሊያስብ ይችላል? በሩ ተበረገደ። መጀመሪያ የገቡት እማማ ወርቅነሽ ነበሩ፤ ያ ሁሉ ኩርፊያ የት እንደሄደ እንጃ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ገና ከበር ላይ ሆነው ሙሾውን አወጡት፦

«እታገኝ እታገኝ የሰፈሩ ጌጥ፣
ማን ይሰበስበን ቤት ሲገለባበጥ!»

ከኋላቸው ሴቶች ተከትለው አዜሙ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ በአጥሩ ጥግ ተደረደሩ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴም ሁለት ጎረምሶች የድንኳን ቋሚ አሸክመው ደረሱ። አባቴ እጁን እያወራጨ ሊያስረዳ ይሞክራል፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ሐዘንተኛ ብዙ ይዘባርቃል ተብሎ ስለሚታመን ማንም አልሰማውም፣ እንዲያውም ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈው አስቀመጡት።

ያን ጊዜ ነው የቤቱ በር የተከፈተው። አክስቴ እታገኝ፣ ለሳምንታት ከአልጋ ያልወረዱት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መቃኑን ተደግፈው ቆሙ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። አንዷ ሴት አማተበች። አክስቴ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና አፋቸውን ከፍተው የቀሩትን እማማ ወርቅነሽን አዩአቸው።

«ወርቅነሽ» አሉ፣ «ፈትሌን ረሳሽው እኮ። ስንት ዘመን ፈትዬ አንድ ቃል ሳታነሺው!»

እማማ ወርቅነሽ መሬት ላይ ዘጭ አሉ፤ ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ለይቼ አላውቅም። እናቴ «በቁም ተለቀሰባቸው፣ ምን ዓይነት ሟርት ነው» ብላ ስትጮኽ አክስቴ በእጃቸው ዝም አሰኟት። «ሞት ቢመጣም እዚህ ቤት ጨርሻለሁ ብሎ ያልፈኛል» አሉ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ከሰው ሁሉ አልፎ እኔ ጋ፣ እኔ ያቀፍኩት ጋ ደረሰ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ዳማ መሞቱን ከውስጥ ሆነው አውቀውት ነበር፣ ማየት ግን ሌላ ነው።

«ገደል ይጥለዋል ስትል ሰምቻለሁ» አሉት አባቴን። «ጅብ ሲያባርር ኖሮ ለጅብ አይሰጥም። እኔን ለመቅበር የመጣ ክንድ ሁሉ እዚሁ አለ፤ ይቆፈርለት።»

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ እታገኝ፣ መቼም ዕድሩ ለውሻ የሚል ደንብ የለውም...»

«ደንብ ጠየቅሁህ እንዴ? ዶማ ነው የጠየቅሁህ።»

አሁን በቁሟ ያለቀሰላትን ሴት እንቢ የሚል ከየት ይመጣል? ጎረምሶቹ የድንኳኑን ቋሚ አጥሩ ላይ አስደግፈው ዶማና አካፋ ያዙ። ከጽዱ ሥር ጀመሩ፤ መጀመሪያ እየተሳሳቁ፣ «ለውሻ መቃብር ቆፈርን ብለን ላምበረት ሰፈር ሄደን ብናወራ ማን ያምነናል» እየተባባሉ፣ ጉድጓዱ ጉልበት ሲያልፍ ግን ሳቁ ቀነሰ፤ ጅብ እንዳያወጣው ጥልቅ መሆን እንዳለበት ሁሉም ያውቅ ነበርና ማንም በቃ አላለም። አክስቴ ጋቢያቸውን ሊያለብሱት አውልቀው ሰጡ፤ እናቴ «ለውሻ ጋቢ? እግዚአብሔር አይወደውም» ብላ መለሰችላቸውና ጓዳ ገብታ ስትፈልግ ቆይታ ከጤፍ ጆንያዎቹ ሁሉ ንጹሑን መርጣ አመጣች። አባቴ ኮቱን አወለቀ። ሰው ሊጠራ የነበረው አባቴ ራሱ ዳማን አንሥቶ ጆንያው ውስጥ አስገባው፤ ከገደሉ አፍ ትልልቅ ድንጋይ እየተሸከመ አምጥቶም አፈሩ ላይ ደረደረ፣ ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ሆነ፣ ቢሮ የሚሄድበት ሰዓትም አለፈ። ያን ቀን አባቴን ከመቼውም በላይ ወደድኩት።

ጸሎት አልተደረገም፤ አይደረግምም። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር፣ ወዲያው ነገሩ ትዝ ሲላቸው መልሰው ደፉት። እማማ ወርቅነሽ መጨረሻ ላይ ቀርበው አንድ እፍኝ አፈር ጣሉና «ዶሮዬን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ወግ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ መምጣቱን መጥቷል፣ ዝናቡም ጀምሯል፣ ማንም ቶሎ ሊነሣ አልፈለገም። አክስቴ ከመሐላቸው ተቀምጠው ማን አንጀቱ ተላውሶ እንዳለቀሰና ማን ለይስሙላ እንደጮኸ በስም እየጠሩ ሲፈርዱ፣ ጉሙም ከላይ እየወረደ አንድ በአንድ ሲያለብሰን፣ ሐዘኔ ሳይቀንስ ብቻዬን አለመሆኔ ተሰማኝ።

ሰፈሩ ለዓመታት አሾፈብን። ውሻ ባላዘነ ቁጥር ልጆች «ዕድር ጥሩ!» ይሉናል። አክስቴ እታገኝ ከዚያ ቀን በኋላ እንዝርታቸውን አንሥተው ብዙ ፈተሉ፤ ያረፉት እኔ ሁለተኛ ደረጃ ልጨርስ ስል፣ ጥር ውስጥ ነው፣ ያም በማለዳ። እናቴ ዋይታውን ስታሰማ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አሁን ደግሞ ማን ያምነናል፣ ውሻቸው ነው ብለው ይተኛሉ ብዬ ሰጋሁ፤ ያን ጊዜ ሌላ ውሻም ነበረን። በሩ ግን እንደዚያው ተበረገደ። እማማ ወርቅነሽ በምርኩዝ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለከለኩ ቀድመው ገቡ። አክስቴ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቁበት የነበረውን ወንበር ባዶውን አዩና ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። ሙሾ አላወጡም። «ውሻም ቢሆን ብዬ ነው የመጣሁት» አሉኝ፣ «እሷ መሆኗን አሁን ነው ያወቅሁት።»

ያ ሰፈር አሁን የለም። መንገድ ወጣበት፣ ፎቅ ተሠራበት፣ ሰዉም አንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ሌላው ልጁ ጋ ተጠግቶ ተበተነ፤ ጽዱ የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። የምኖርበት ቤት ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን እሰማለሁ፣ ሳሉንም እሰማለሁ፣ እሱም የእኔን ይሰማል። ባለፈው ዓመት እናቴ ያረፈች ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ፤ እንደ ልጅነቴ ጮኼ አለቀስኩ። የደወልኩላቸው ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከከተማው ዳርና ዳር ሳይቀር መጡልኝ። ድምፄን ብቻ ሰምቶ የመጣ ሰው ግን አልነበረም።