ጾመኛው መቺ

የመምቻ ዘንግ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያስጠሩኝ የፑል ጠረጴዛ እግር እንዳስተካክል ነበር። ያኔ ጭሮን ሰው ሁሉ አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት፤ የኔም ጸጉር ጥቁር ነበር። የአዳራሹ ባለቤት ኦቦ ጀማል በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በዕድሜ ከኔ ብዙም አይበልጡም፤ ግን አዳራሹ የሳቸው ስለሆነ አንቱ አልኳቸው። እኔ የበርና የአልጋ አናጺ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። የሚያስተምረኝ ቢመጣም ጊዜ አልነበረኝም።

ከእግሩ ስር ሽብልቅ አስገብቼ ጨረስኩ። ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን መምቻ ዘንጎች አየሁ። አንዱን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አንከባለልኩት። ቀጥ ያለ ዘንግ ዝም ብሎ ይንከባለላል። ይሄኛው እንደ አንካሳ ፍየል እየዘለለ ሄደ።

"ኦቦ ጀማል፣ ጠረጴዛዎስ ደህና ነው። ሰዉን በጠማማ ዱላ ነው የሚያጫውቱት" አልኳቸው።

"አንተ ፑል ትጫወታለህ?"

"አልጫወትም።"

"ታዲያ በምን አወቅህ?"

"ዓይን አለኝ።"

ሳቁና ቀጥ ያለ ዘንግ እንድሠራላቸው ከደረጃው ስር ቦታ ሰጡኝ። ያቺ ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ናት።

ባሕር ዛፍ ሞከርኩ፤ ሲደርቅ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ጽድ ሞከርኩ፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግን የተናደደ ተጫዋች መሬት ሲመታበት ለሁለት ይከፈላል። ጭሮ ውስጥ ደግሞ ተሸንፎ የማይናደድ ሰው አልተወለደም። በመጨረሻ ከመሰላ የሚመጣ ወይራ ላይ ደረስኩ። ጠርቤ፣ በብርጭቆ ስባሪ ልጌ፣ ከታች ድንጋይ አስሬ ከጣሪያው አንጠለጥለዋለሁ። ክረምትና በጋ ተንጠልጥሎ ያልጠመመ ዘንግ ከዚያ ወዲያ አይጠምም። ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጫማ ሶል የተቆረጠች ቆዳ በኮላ እለጥፋለሁ። ያቺ ቆዳ ናት ኳሷን የምትነካው፤ የቀረው ሁሉ እሷን መሸከሚያ ነው።

የማንጠልጠሉን ብልሃት ያገኘሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ የአሰቦት መነኩሴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸው እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር።

"አባ፣ ከምን እንጨት ነው?" አልኳቸው።

"ከወይራ ነው፤ ተንጠልጥሎ የደረቀ። ለምን ፈለግኸው?"

"ለፑል መምቻ።"

"ልጄ፣ ይህ እኮ ቆመን የምንጸልይበት ነው!"

"እኛም ቆመን ነው የምንጫወተው፣ አባ።"

መቋሚያቸውን ከኔ አርቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲወርዱ ግን ባረኩኝ። ምናልባት ረግመውኝም ይሆናል፤ በግእዝ ስለነበር አልለየሁትም።

እንዲህ ስሠራ ኖሬ፣ ባጃጅ ከተማውን ከሞላው በኋላ ሳምሶን የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። ዚፕ ባለው ቦርሳ ከውጭ የመጡ ዘንጎች ይዟል። ለሁለት ይፈታሉ፣ እንደገና ይገጠማሉ፤ እጀታቸው ላይ ዘንዶ ተሥሏል።

"ፋዘር፣ ይሄ ፋብሪካ ውስጥ የተፈተነ ነው" አለኝ።

"ማን ፈተነው?"

"ማሽን።"

"ማሽኑን ማን ፈተነው?"

አንዱን ዘንግ ፈትቶ መልሶ ገጠመው። ኦቦ ጀማል ግን ሁለተኛ አዳራሽ ሊከፍቱ ነበርና ዘንዶውን በጣታቸው እየዳበሱ "ሽፈራው፣ ይፈተንና እንይ" አሉ። "ያሸነፈው ዘንግ ሁለቱንም አዳራሽ ይይዛል። ያንተ ከተሸነፈ ግን ከደረጃው ስር የለስላሳ ሳጥን እደረድርበታለሁ።"

መቺ ሆኖ የተመረጠው ሙክታር ነው። ባጃጅ ይነዳል፤ በከተማው ከሱ የሚሻል እጅ አልነበረም። ፈተናው ቀላል ነው። ነጯን ኳስ ምልክት ላይ አስቀምጦ ይመታታል፤ የማዶውን ጠርዝ ነክታ ወደ ምልክቷ መመለስ አለባት። ዘንጉ ወይም መቺው ከጠመመ ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

ጠዋት በኔ ወይራ መታ። ኳሷ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ዘመድ እንደጠፋበት እንግዳ ተንከራተተች። ለምሳ ተበተንን። ከቀትር በኋላ ተመልሰን በዘንዶው ሲመታ፣ ኳሷ በግ ወደ ጋጣዋ እንደምትገባ ምልክቷ ላይ መጥታ ቆመች። ደጋግሞ መታ፤ ደጋግማ ተመለሰች።

"አይዞዎት፣ ፋዘር" አለኝ ሳምሶን። ከስድቡ ማጽናናቱ ባሰ።

ከደረጃው ስር ገብቼ መሮዬን መጠቅለል ጀመርኩ። ቀና ስል ከሙክታር ጉንጭ ጋር ተፋጠጥኩ። የቢሊያርድ ኳስ የጎረሰ ይመስል ተወጥሯል። ጠዋት ግን ባዶ ነበር። ጠዋት ሲያዛጋ፣ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር፣ ዘንጉን የሌላ ሰው ልጅ እንዳቀፈ ሲይዘው አይቼዋለሁ። ጫቱ ያልደረሰለት ሰው ሀራራ ላይ ነው፤ እናቱን ቢያመጡለት አያውቃትም። ቅሞ ሲመረቅን ግን ዓይኑ ንስር ነው።

"ኦቦ ጀማል! የቀየራችሁት ዘንጉን አይደለም፤ ሰውየውን ነው!"

"እንዴት ሆኖ?"

"የኔን የመታው በሀራራ ነው። የሱን የመታው በምርቃና!"

ሙክታር ራሱን ነቀነቀ። "ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው ወላሂ! ጠዋት ኳሷ ሁለት ሆና ነበር የምትታየኝ። የቷን እንደመታሁ እስካሁን አላውቅም።"

"ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገርክም?" አለ ሳምሶን።

"አቦ! ጠዋት መናገር እችል ነበር እንዴ?"

የሙክታር ምርቃና እስከ መቼ እንደሚቆይ ስለማይታወቅ የማይቅም መቺ ይፈለግ ተባለ። ተፈልጎ አንድ አስተማሪ ተገኘ። እውነትም አይቅምም፤ መጫወትም አይችልም። ነጯን ኳስ ከጠረጴዛው አዝልሎ የኦቦ ጀማልን የሻይ ብርጭቆ ሰበረ።

"እንግዲያው የማይቅም እጅ እኔ እሠራለሁ" አልኩ። ሳቁብኝ። የሳቁት ሁሉ በኋላ ለማየት ተሰልፈዋል።

ከሁለት ሳንቃ ቦይ ሠራሁ፤ ዘንጉ እንዲንሸራተትበት በሞራ ቀባሁት። ከኋላው የባጃጅ ካላማዳሪያ ቆርጬ አሰርኩ። ላስቲኩ ሁልጊዜ እስከ አንድ ምልክት ይሳባል፣ በምስማር ይያዛል። ምስማሩ ሲነቀል ዘንጉ ይወረወራል፤ ኳሷን ነክቶ ቦዩ ላይ ከመታሁት ማገጃ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል። አያዛጋም፣ አይመረቅንም፣ የዕቁብ ዕዳ አያሳስበውም። ሙክታር ስም አወጣለት፦ ጾመኛው።

ሳምሶን ጨዋ ነበር፤ አልጋ ይዞ ጠበቀ። "ምስማሩን እኔ ነኝ የምነቅለው" አለ። "ንቀል" አልኩት። አንዴ ወይራ፣ አንዴ ዘንዶ እያፈራረቅን ጫንን። አዳራሹ ሞላ። ባጃጅ መንገድ ላይ ትተው የገቡ ሁሉ ነበሩ።

የወይራዬ ኳስ ምልክቷ ላይ ተመለሰች። የዘንዶውም ተመለሰች። ዘንጎቹን በቦዩ ውስጥ አገላብጠን ደገምን፤ ያው ሆነ። ስንደጋግም ዋልን። እኩል።

ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ከወዲያ ፋብሪካ፣ መሐንዲስና ማሽን፤ ከወዲህ እኔና የብርጭቆ ስባሪ። እኩል ከወጣን ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ኦቦ ጀማል ግን የሚያስቡት ስለ አዳራሻቸው ነበር። "ሳምሶን፣ ያንተ ዘንግ ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ብትወልቅ ምን አደርጋለሁ?" አሉት።

"ይደውሉልኛል።"

"ከዚያስ?"

"አዲስ አበባ ይልኩልኛል።"

ወደ ደረጃው ዞር አሉ። "ይሄን ሰውዬ ግን ከተቀመጠበት በእግሬ ነካ አድርጌ አስነሳዋለሁ" አሉ። ሁለቱም አዳራሽ በወይራ ተሞላ። የለስላሳው ሳጥን ውጭ ቀረ።

ሳምሶን ሲሄድ አንድ የዘንዶ ዘንግ ሰጠኝ። ቤቴ መጋረጃ ሰቅዬበታለሁ። ቀጥ ያለ ነው፤ መጋረጃው ይመሰክርለታል።

ጾመኛው ዛሬም ከደረጃው ስር አጠገቤ ነው። ከሂርናና ከበዴሳ የተሸነፉ ሰዎች ዘንጋቸውን ታቅፈው ይመጣሉ፤ ጥፋቱ የዘንጉ ነው እንዲባልላቸው። ጾመኛው ብዙ ዘንግ ነጻ አውጥቷል። ባለቤቶቹ አኩርፈው ይመለሳሉ።

ዕቃ ሠርታችሁ ከሌላ ዕቃ ጋር የምታስፈትኑ ልጆች፣ የማውቀው ይህን ነው፦ ዘንጉን ከማየታችሁ በፊት የመቺውን ጉንጭ እዩ።