አረፋው ያልደረቀው ሳሙና

ኮረብታውን እንድንይዝ የታዘዝነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሌላም ትእዛዝ ተጨምሮበት ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ጄኔራል ስለሚጎበኘን ማንም ጢሙን ሳይላጭ እንዳይጠብቀው ተባልን።

በመቶ ጦራችን ውስጥ የምዕራብ ሸዋ ልጆች ሦስት ነበርን፤ እኔ ከአምቦ፣ ቶሎሳ ከባኮ፣ ጉተማ ከጎጆ ከተማ። ጉተማ ያን ሰሞን ከዕረፍት ሲመለስ አምቦ ላይ የጢም መላጫ ሳሙና ገዝቶ መጥቷል። ክብ ነው፣ በቆርቆሮ የተቀመጠ፣ በብሩሽ እየተመታ አረፋ የሚያወጣ። በአሥር የልብስ ሳሙና ዋጋ እንደገዛው ራሱ ነገረን። ሳቅንበት። ቶሎሳማ በዚያ ብር ጥሩ ዶሮ ይገዛ እንደነበር እያስታወሰ ሳምንቱን ሙሉ አላስቀመጠውም።

«ፊት ሸራ አይደለም» ይላል ጉተማ፣ የእኛን የልብስ ሳሙና እያየ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮረብታው ላይ በቆፈርነው ምሽግ ውስጥ ተደርድረን አረፋ ተቀባን። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ውሃ አንድ ኩባያ ነው። እኛ በልብስ ሳሙና፣ ጉተማ በራሱ። ሁለተኛውን ጉንጭ ሳንጀምር ተኩስ ተከፈተ።

ጠላቶቹ በግራ በኩል መጡ። መለስናቸው። እንደገና መጡ። የልብስ ሳሙናው ፊታችን ላይ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጠቀ፤ ላብ ሲያወርደው ደግሞ ዓይናችን ውስጥ ገባ። እያለቀስን ነበር የምንተኩሰው። የመቶ መሪያችን በአጠገባችን ሲያልፍ እንባችንን አይቶ ማን እንደሞተብን ጠየቀ። ሳሙናው ነው አልነው። ወደሚቀጥለው ምሽግ ሄደ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተኩሱ ቆመ። ጉተማ ጠመንጃውን አስደግፎ መስታወቱን አወጣ። አረፋው እንደረጠበ ነበር። ምላጩን አንስቶ ካቆመበት ቀጠለ። ቶሎሳ ጠጋ ብሎ የጉተማን ጉንጭ በጣቱ ነካ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኦቦ ጉተማ፣ ለእኔም ትንሽ ምታልኝ» አለው።

«አንተ ዶሮ ግዛ» አለው ጉተማ፣ ክዳኑን እየገጠመ። ሁላችንም ሳቅን፤ ቶሎሳም ሳቀ።

ጄኔራሉ አልመጣም። ስምንት ሰዓት ላይ ቶሎሳ ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ የመድፍ ጥይት ከምንጩ አጠገብ ወደቀ። ሬሳውን ስናመጣው ግማሽ ፊቱ አልተላጨም ነበር። ጉተማ የመጠጥ ውሃውን ብሩሹ ላይ አፈሰሰና ሳሙናውን መምታት ጀመረ። አረፋው በክንዱ ላይ እስኪወርድ መታው። ከዚያ ቀስ ብሎ ላጨው።

በዚያ ቀን ከመቶአችን ሦስት ሰው ቀበርን። ቁስለኛው ሰባት ነበር። የፊታቸው ቆዳ በልብስ ሳሙና የተላጠባቸውን ማንም አልመዘገበም።

ጉተማ ዛሬ በአገሩ በጎጆ ድንች ያመርታል። ለገበያ አምቦ ሲወርድ እንገናኛለን፤ ስለ ልጆቹና ስለ መንገዱ እናወራለን። የዚያን ቀን ነገር ያነሳልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ሲለምነኝ ብሰጠው ምን ነበረበት?» አለኝ።

ቀልድ እንደነበረ፣ ቶሎሳም እንደሳቀ ነገርኩት። መሳቁን እሱም ያስታውሳል።