አሳም አለበት

የተቆላ አኩሪ አተር ሽታ ዛሬም ብቻውን አይመጣም፣ ዘነዘና የእናቴ ክንድ ላይ ሲያርፍ የሰማሁትን ድምፅ አስከትሎ ነው የሚመጣው። ሰማሁት እንጂ አላየሁትም፤ ዳፍንት ይዞኝ ነበር።

ያደግሁት ቡታጅራ ነው፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነበር፣ ቁጡ፣ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው። ክረምቱ ሲከብድ ከቆጮ ሌላ ቤታችን የሚገባ ነገር አልነበረም፣ ጉበትማ ለአረፋ ካልሆነ አናየውም ነበር። በዚያ ክረምት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኔ አብሯት ይጠፋ ጀመር። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ግድግዳ እየዳበስኩ እገባ ነበር፣ ተደናቅፌ ውኃ ባፈሰስኩ ቁጥርም አባቴ «ዓይንሽ የት ነው?» እያለ በጥፊ ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፣ አባቴም ተከተለን። ነርሷ ዓይኔን አይታ ቫይታሚን የተጨመረበት የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት ሰጠችንና፣ ካልበላሁ ቀንም ማየት እንደማልችል ነገረችን። አባቴ ቫይታሚኑ ከምን እንደተሠራ ሲጠይቃት፣ አዲስ አበቤ ነበረችና በጥድፊያ «ከጉበት ዘይት ነው፣ አሳም አለበት» አለችው። የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ «አሳማ አለበት» ብሎ ሰማ። የሚያስቀው ነገር፣ እናቴም የሰማችው እንደዚያው ነበር። ቤት ስንደርስ አባቴ ዱቄቱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ፣ የተሸከምንበትን ዘንቢል እሳት ለቆበት፣ እናቴን ፀጉሯን ይዞ «ሐራም ቤቴ ከገባ ገዳይሽ እኔ ነኝ» አላት።

ጥቅምት የበርበሬ ወር ነው። አባቴ ማረቆ ሲወርድ እናቴ ከጤና ጣቢያው ሌላ ዱቄት አምጥታ፣ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ትደብቅና ገንፎ አድርጋ ታጎርሰኝ ነበር። «ብይ» ትለኝ ነበር፣ «ወንጀሉ በእኔ ይሁን።» አንድ ቀን የመግሪብ አዛን እየተባለ አባቴ ሳይታሰብ ገባ። ሽታው ነው ያጋለጠን። ድስቱ ግድግዳው ላይ ሲላተም ሰማሁ፣ እናቴ «የሰሚራ አባት፣ ዓይኗ እኮ ነው» ስትል ሰማሁ፣ ከዚያ ዘነዘናው፣ ከዚያ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ያለ ነገር። ወደ ድምፁ እየዳበስኩ ስሄድ እጄ ትኩስ ነገር ነካ፤ ገንፎ ይሁን ደም አላወቅሁም። በማግስቱ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ መጥቶ የአባቴን ግንባር በዱላ ፈነከተው። ይኼን እንኳ በቀን ብርሃን አየሁት፣ ደስም አለኝ።

ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌዎች ነገሩን የሰፈራችን ሸኽ ዘንድ አቀረቡት፣ ሸኹም ነርሷን አስጠሯት።

«እስቲ ያኔ ያልሽውን ድገሚው» አሏት።

«አሳም አለበት ነው ያልኩት።»

ሸኹ «የባሕሩን አሳ ነው?» አሏት።

«አዎ፣ የአሳ ዘይት።»

ሸኹ ወደ አባቴ ዞረው «አሳ ሳይታረድም ሐላል ነው። አሳማም ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ መዳኛ ለጠፋባት ልጅ በተፈቀደ ነበር። ለሁለቱም ቢሆን ዘነዘና አያስፈልግም ነበር» አሉት። አባቴ ግንባሩ በሻሽ እንደታሰረ እናቴ እግር ላይ ወድቆ «አፉ በይኝ» አላት። እናቴ አላየችውም። የተሰበረ ክንዷን አቅፋ ወደ ነርሷ ዞረችና «ሌላ ዱቄት አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

በጋው ሳያልቅ ዓይኔ ዳነ። ዛሬ ለልጆቼ የምገዛው ምግብ ቆርቆሮው ላይ «ሐላል» ተብሎ ተጽፎበት ይመጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አባቴ ሞቷል። የእናቴ ክንድ ግን ተጣሞ ቀርቷል፤ ለመግሪብ ውዱእ ስታደርግ አልዘረጋ ስለሚላት ውኃውን የማፈስላት እኔ ነኝ። ያኔ በዚህ ሰዓት ምንም አይታየኝም ነበር፤ አሁን ክንዷ የቱ ጋ እንደተሰበረ በደንብ ይታየኛል።